ስለ ሮማ የሲኒማ ከተማ፤ ከቡኢ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ቀድሞ ወደ ኤሮፓ የሚሄድ መንገደኛ አይቶት የሚመለሰው ቤተ መንግሥቱንና ቤተ ክርስቲያኑን፥ ድልድዩንና ሐውልቱን ነበር። በዘመናችን ግን ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሠራበት ስፍራ ራሱ እንደ ጥንት ሐውልት የሚጎበኝ ሆኖአል። መንገደኛው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፥ አስጎብኚ ተመድቦለት፥ ሐሰተኛው ከተማ እንዴት እንደ ተገነባ ዞሮ ይመለከታል። ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን ከቡኢ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው።

ጸሐፊው ዘመናቸውን በመንግሥት ሥራ አሳልፈው በጡረታ ያረፉ ሽማግሌ ናቸው። ሴት ልጃቸው በሮማ ትዳር ይዛ ትኖራለች፤ እርሳቸውም ሊጠይቋት በሚሄዱበት ጊዜ ከልጅ ልጆቻቸው ጋራ ቺኔቺታ ወደሚባለው የሲኒማ ከተማ ልትወስዳቸው አስባለች። ሽማግሌው ግን እንዲህ ይላሉ፤ አያቴ በጠላት ዘመን በአርበኝነት ወጥተው የቀሩ ናቸው፤ ስፍራውን ያሠራው ሙሶሊኒ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ገብቼ ባደንቅና ብስቅ የአያቴን አጥንት እንደ መርገጥ አይቆጠርብኝምን? አልሄድም ብል ደግሞ ልጆቹ ያዝናሉ፤ ምክራችሁን ስጡኝ።

ጥያቄው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የሰሙት ወሬም እውነት ነው፤ እንዲያውም ዝርዝሩ ሲታይ ከሰሙት ይብሳል።

በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ቺኔስ የሚባለው የቆየ የሲኒማ መሥሪያ ቤት በእሳት ተቃጠለ። በዚያው ወር በ22 ቀን የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። አርበኞቻችን በሰሜን ጦር ግንባር ሲዋጉ፥ በጥር ወር፥ በሮማ በቱስኮላና መንገድ ላይ የአዲሱ የሲኒማ ከተማ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ንድፉን ያወጣው ጂኖ ፔሬሱቲ የተባለ መሐንዲስ ነው። ሥራው 15 ወር ያህል ከወሰደ በኋላ ሙሶሊኒ ራሱ ተገኝቶ በሚያዝያ 20 ቀን 1929 ዓ.ም. መረቀው። ክቡራን አንባቢዎቻችን ቀኑን ልብ ይበሉት። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ቀን እልቂት ከተፈጸመ ገና 68 ቀን ነበር። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተረሸኑትም ከምረቃው በኋላ፥ በሚቀጥለው በግንቦት ወር ነው። በሮማ ሪባን ሲቆረጥ በእኛ አገር ኀዘን የተቀመጠው ቤት ብዙ ነበር።

ፋሺስቶች ሲኒማን የወደዱት ለጨዋታ ብለው አይደለም። ከመድፍና ከአውሮፕላን ጋራ ቈጥረው እንደ ጦር መሣሪያ ያዩት ነበር። በ1929 ዓ.ም. ካርሚኔ ጋሎኔ የተባለ አዘጋጅ ሺፒዮ የተባለውን የጥንት የሮማ ጦር አለቃ ታሪክ በትልቅ ወጪ ሠራ፤ ሺፒዮ ወደ አፍሪካ ተሻግሮ ካርታጎን ድል ሲያደርግ የሚያሳይ ነው። ተመልካቹ በጥንቱ ታሪክ ውስጥ የአዲስ አበባን መያዝ እንዲያይበት መደረጉ ለማንም ግልጽ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ሉቻኖ ሰራ የተባለው የአውሮፕላን ነጂ ታሪክ ወጣ። የዚህ ሥራ የበላይ ተመልካች የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶርዮ ነበር፤ ይኸውም በወረራው ጊዜ በሕዝባችን ላይ በአውሮፕላን ቦምብ የጣለው ሰው ነው። በታሪኩ መጨረሻ ኢጣሊያዊው አባት ልጁን ሲያድን በኢትዮጵያ ምድር ይሞታል፤ ተመልካቹም ያለቅሳል። የሚለቀስለት ወራሪው ነው፤ ባለ አገሩ በዚያ ሥዕል ውስጥ ስም እንኳ ያለው ሰው ሆኖ አይታይም። ይህ ሥራ በዚያው ዓመት በቬኔስያ የሲኒማ ጉባኤ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ተሸለመ።

ከእነዚህ ይልቅ ብዙ ሰው ያታለለው ግን የዜና ሲኒማው ነው። ሉቼ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለ ካሜራዎቹን ከጦሩ ጋራ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ልኮ ነበር። የተነሣው ፊልም ተቈርጦና ተቀጥሎ፥ ሙዚቃና የተናጋሪ ድምፅ ተጨምሮበት በየሲኒማ ቤቱ ይታይ ነበር። በዚያ ሥዕል ላይ መንገድ ሲሠራ፥ ሐኪም ሲያክም፥ ሹም እጅ ሲነሣ ይታያል። የመርዝ ጢስ የፈጀው ሰው፥ የተቃጠለው ጎጆ፥ የተረሸነው መነኩሴ አይታይም። የመርዙን ነገር የኢጣሊያ መንግሥት በይፋ ያመነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ነው፤ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው ከተናገሩት 60 ዓመት ቆይቶ ነው። የዚያ ዘመን የሉቼ ፊልሞች ዛሬ በክብር ተጠብቀው አሉ፤ እነርሱንና የሲኒማውን ከተማ አንድ የመንግሥት ኩባንያ ያስተዳድራቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በአዲስ አበባ መጀመሪያ ሲኒማ ሲገባ አባቶቻችን ቤቱን ሰይጣን ቤት ብለው ሰየሙት፤ እኛም በዚህ ስም ስንስቅ ኖረናል። ሉቼ የሠራውን ስንመለከት ግን ስሙን ያወጣው ሰው ሞኝ ነበር ለማለት አንደፍርም። ደግሞ ሲኒማና ዐድዋ የአንድ ዓመት ልጆች መሆናቸውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በፓሪስ ሉሚየር የተባሉት ወንድማማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዘብ ለሕዝብ ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው፤ ዐድዋ ደግሞ በየካቲት 23 ቀን በዚያው ዓመት። ስለዚህ የዐድዋን ጦርነት ያነሣ ካሜራ የለም። ድሉን ያቆዩልን ሠዓሊዎቻችንና አዝማሪዎቻችን ናቸው። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ጠላት ሲመለስ ግን ካሜራው ከእርሱ ጋራ ነበር።

ወደ ሲኒማው ከተማ እንመለስ። የሙሶሊኒ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ጀርመኖች የስፍራውን ዕቃ ዘረፉት፤ ከአየርም ቦምብ ተጣለበት። ሮማ በ1936 ዓ.ም. ከጀርመን እጅ በወጣች ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ሰው ሠራሽ ቤተ መንግሥት ሲቆምባቸው የነበሩት አዳራሾች የስደተኛ መጠለያ ተደረጉ። ከሊብያና ከዳልማትያ የመጡ፥ ከጦርነቱ የተረፉ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች፥ ከነልጆቻቸው በአዳራሹ ውስጥ በጨርቅና በሳንቃ እየተከፈለላቸው ለዓመታት ኖሩበት። እኛ ይህን ክፍል ከስፍራው ታሪክ ሁሉ አብልጠን እናየዋለን። ለማታለያ የታነጸ ቤት ለተቸገረ ቤተ ሰብ ጣሪያ ሆነ፤ በዚያ የተጠለለውም ልጅ የአባቶቹን ዕዳ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ የአሜሪካ ኩባንያዎች መጡ። በ1942 ዓ.ም. ኩዎ ቫዲስ የተባለው የኔሮን ዘመን ታሪክ መቀረጽ ጀመረ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለቤን ሁር የሠረገላ እሽቅድምድም የሚሆን ግዙፍ አደባባይ ተሠራ። ፌዴሪኮ ፌሊኒ የተባለው ታላቅ አዘጋጅ አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በዚህ ስፍራ በ5ኛው አዳራሽ ነው። በ1986 ዓ.ም. በሞተ ጊዜም አስከሬኑ በዚያው አዳራሽ ተቀምጦ ሕዝቡ ተሰልፎ ተሰናበተው።

ስፍራው ለጎብኚ የተከፈተው በ2003 ዓ.ም. ነው። ገና ከበሩ ሲገቡ ከሣሩ ላይ ግማሽ አካሏ ከመሬት የወጣ የሚመስል የሴት ትልቅ ራስ ይታያል፤ ከፌሊኒ ሲኒማ የተወሰደ ነው። ቀጥሎ ልብሰ መንግሥቱ፥ ጋሻና ጦሩ፥ የአልባሳቱ ንድፍ በየክፍሉ ተሰድሮ ይጎበኛል። አዳራሾቹ እስከ ዛሬ ሥራ ስላልተውት ቀረጻ ባለበት ቀን አይገባባቸውም፤ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ልጆች የሚወዱት የጥንቷን የሮማን ከተማ ነው። ከሃያ ዓመት ያህል በፊት ለአንድ ተከታታይ ትርዒት የተሠራች ስትሆን በነሐሴ 1999 ዓ.ም. በአካባቢው እሳት ተነሥቶ ከፊሉን ጎድቶ ነበር። አደባባዩ፥ ቤተ ጣዖቱ፥ ባለ ሠላሳ ክንዱ የሚመስለው ዓምድ ከፊት ሲታይ እብነ በረድ ነው። ጠጋ ብለው በጣት ቢያንኳኩት ግን እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል፤ ከፋይበርና ከጂፕስ የተሠራ ቅርፊት ነውና። ዞር ብለው ጀርባውን ያዩ እንደ ሆነ የቆመው በብረት ቱቦ ተደግፎ ነው። ከበሩ ማዶ ክፍል የለም፤ ከመስኮቱ ኋላ ሰው የለም።

የቡኢው ሽማግሌ ለዚህ እንግዳ አይሆኑም፤ ከቤታቸው ሳይርቅ በጢያ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ያውቋቸዋልና። ጢያ በዓለም የቅርስ መዝገብ የገባችው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ነው። ከ36ቱ ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ አለባቸው፤ በብዙዎቹም ላይ ሰይፍ ተቀርጾ ይታያል። በዚያም እንደ ሮማ አስጎብኚ አለ፤ ሰይፉን በጣቱ እየቆጠረ ያሳያል። ነገር ግን የጢያ ድንጋይ ከፊቱም ከጀርባውም ድንጋይ ነው፤ ከሥሩም የተቀበረ ሰው አለ። የጠራቢዎቹ ስም ጠፍቶ ሥራቸው ቀረ። በሮማው አደባባይ ደግሞ የአናጺው፥ የልብስ ሰፊውና የሠዓሊው ስም ሁሉ በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል፤ ዓምዱ ግን ዝናም በመጣ ቁጥር ይታደሳል። የልጅ ልጆቹ ወደ አገር በመጡ ጊዜ ጢያን ሳያሳዩአቸው አይቅሩ።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው፤ ክቡርነትዎ ይሂዱ። የአያትዎን አጥንት መርገጥ የሚሆነው እውነቱን ለልጆቹ ሳይነግሩ ገብቶ መውጣት ነው እንጂ መግባቱ አይደለም። የአያትዎን ታሪክ ከጉዞው በፊት፥ ማታ በቤት፥ በአማርኛም ሆነ በክስታንኛ፥ ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ ይንገሩዋቸው፤ ስማቸውን፥ የወጡበትን ቀን፥ የት እንደ ቀሩ። ይህ በእንግዳ ሰው ፊት በጥድፊያ የሚነገር ነገር አይደለም። በማግስቱ የሐሰተኛውን ቤተ ጣዖት ጀርባ ሲያሳዩአቸው፥ በዚሁ ዓይነት ጥበብ በአገራቸው ላይ ምን እንደ ተሠራ ብዙ ሳይደክሙ ይገባቸዋል። ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ የዓምዱን ባዶነት በእጁ ዳስሶ ካወቀ የሉቼን ፊልም እንደ እውነት አይቀበልም።

አስጎብኚውን ግን አይቈጡት። ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፤ ደመወዙም የሚከፈለው ስለ ቤን ሁርና ስለ ፌሊኒ እንዲናገር ነው። በጨዋ ደንብ፥ ይህ ስፍራ በተመረቀበት ዓመት ኢጣሊያ በየት አገር ትዋጋ ነበር ብለው ቢጠይቁት በቂ ነው። ካወቀ ይናገራል፤ ካላወቀም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይጠይቅ አይቀርም። ጥያቄውን ልጅዎ በኢጣሊያንኛ ብታቀርብልዎ ደግሞ ሌሎቹ ጎብኚዎች ይሰሙታል። ሳቅ ከመጣም ይሳቁ፤ አናጺው ደግ ሠርቶአል፤ እርሱን ማድነቅ ሙሶሊኒን ማድነቅ አይደለም።

በአገራችንም የመጀመሪያው ባለ ታሪክ ረጅም ሲኒማ፥ ሂሩት አባቷ ማነው የተባለው፥ በ1957 ዓ.ም. ታይቶአል። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያውያን ካሜራውን በእጃቸው ይዘውታል። በቬኔስያ፥ ያ የሙሶሊኒ ዋንጫ በተሰጠበት ጉባኤ፥ ልክ በ70 ዓመቱ የኃይሌ ገሪማ ጤዛ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት ተቀበለ። ይህ በጳጉሜን 2000 ዓ.ም. ነው። ከሮማ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ተተክሎ የተመረቀውም በዚያው ሳምንት በነሐሴ 29 ቀን ነበር። ጤዛ ውስጥ በጠላት ዘመን አባቱን ያጣ ሰው አለ፤ ስምም ፊትም አለው። ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት ከልጆቹ ታላላቆች ጋራ ቢያዩት እንወዳለን፤ ለታናናሾቹ ግን ይከብዳል።

ስለ መንገዱ ጥቂት ልንጨምር። በሮማ ትልቁ የባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ይባላል። ከፊቱ ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ተብሎ የተሰየመው ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ለደመሰሱአቸው የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ ሐውልታቸውም ከዚያው አቅራቢያ ቆሞአል። ከዚያ ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር በሀ መስመር ተሳፍረው ቺኔቺታ በተባለው ጣቢያ ቢወርዱ በሩ ፊት ለፊት ነው። ሲመለሱ ደግሞ ከቴርሚኒ በለ መስመር ወደ ቺርኮ ማሲሞ ይሂዱ። ከጣቢያው ሲወጡ የሚታየው ታላቅ ሕንፃ ለኢጣሊያ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታቀደ ነበር፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው ከዚህ ሕንፃ ፊት ለፊት ነው፤ ልጆቹ ቦታውን ራሳቸው ይፈልጉት።