የቴፕ ጥቅልና ስሙ

በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ የቈዩ ካሴቶች አይታጡም። የሠርግ ዘፈን የተቀዳበትም፣ የአባት ድምፅ የተቀረጸበትም፣ ጭራሽ ባዶ የሆነውም በመልክ አንድ ናቸው። ከላያቸው ጽሕፈት ካልተለጠፈ ማጫወቻ ፈልጎ አንድ በአንድ ከማዳመጥ በቀር መለያ መንገድ የለም፤ ማጫወቻው የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ የአባት ድምፅ በእጃችን እያለ ከእጃችን ወጣ ማለት ነው። ካሴቱ አምስት ወይም ስድስት መሆኑ ቀርቶ ብዙ ሺህ ቢሆን፣ ባለቤቶቹም በሦስት አገሮች የተበተኑ ሊቃውንት ቢሆኑ፣ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይገምት።

እንዲህ ያለው ነገር በእውነት የደረሰ ነው። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ፣ ዴዚ በተባለው የፊዚክስ ምርምር ተቋም፣ ፔትራ የሚሉት ዙሪያው 2,304 ሜትር የሆነ ክብ መሣሪያ ነበር። በውስጡ ኤሌክትሮንና ተቃራኒው ፖዚትሮን እየተጋጩ ከግጭቱ የሚወጣው ሁሉ ይመዘገብ ነበር። ከመዝጋቢዎቹ አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1979 እስከ 1986 ዓ.ም. የሠራው ጄድ ነው። ስሙ ጃፓን፣ ዶይችላንድና ኢንግላንድ ከሚሉት ከሦስቱ አገሮች ስም መነሻ ፊደላት የተገጠመ ሲሆን፣ የሐምቡርግና የሃይደልበርግ፣ የማንቸስተርና የላንካስተር፣ የቶኪዮም ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ተባብረውበታል።

የዚያን ዘመን ቴፕ ስፋቱ ግማሽ ኢንች፣ ርዝመቱ 2,400 ጫማ ወይም 730 ሜትር ያህል የሆነ፣ በመንኰራኵር ላይ የተጠቀለለ ጥብጣብ ነበር። አንዱ ጥቅል የሚይዘው ዛሬ በእጅ ስልክ ከሚነሡ ጥቂት ደርዘን ፎቶግራፎች ስለማይበልጥ፣ የአንድ ምርምር ጥቅል መብዛቱ ግድ ነው። ጥቅሉም ሁለት ስም ነበረው። አንደኛው ሰው የሚያነበው፣ በወረቀት ተጽፎ በውጭ የሚለጠፈው ነው። ሁለተኛው በጥብጣቡ መጀመሪያ በማግኔት የሚቀረጸው ነው፤ በአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተሮች ሥርዐት ይህ የውስጥ ስም ስድስት ፊደላት ወይም አኃዞች ያሉት ነበር። ሠራተኛው የውጩን ስም አይቶ ጥቅሉን ከመደርደሪያ አውርዶ በማሽኑ ላይ ይሰቅላል፤ ማሽኑም የውስጡን ስም አንብቦ ከታዘዘው ጋር ያስተያየዋል፤ ካልተስማማ አይቀበልም። በዚህም ላይ በጥቅሉ ጀርባ አንዲት የላስቲክ ቀለበት ነበረች፤ እርስዋ ከወለቀች ማሽኑ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። የውጩና የውስጡ ስም ያልተስማሙበት ጥቅል፣ ቀለበቱም በላዩ የቀረ እንደ ሆነ፣ የአንድ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት በሌላ ጽሕፈት እንዲሸፈን የቀረበ መሥዋዕት ነው።

ብዙ ተቋማት በተባበሩበት ሥራ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ይጨመራል። አንዱ ተቋም ጥቅሎቹን ከ000001 ጀምሮ ቢቈጥር፣ ሌላውም በበኩሉ ከ000001 ቢጀምር፣ ግልባጮቹ በአንድ መደርደሪያ የተገናኙ ዕለት አንድ ስም ያላቸው ሁለት ጥቅሎች ይገኛሉ። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ለየተቋሙ የመነሻ ፊደል ወይም የቍጥር ክልል አስቀድሞ መመደብ ነው። ቀላል ነው እንጂ፣ የየራሱ ልማድ ያለውን ሰው ሁሉ በአንድ ልማድ ማስማማት እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፤ ማኅበር የመራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

በመለያው ላይ ሁሉን ነገር፣ ቀኑን፣ የግጭቱን ኃይል፣ የመዘገበውን ሰው ስም ሳይቀር ለመጻፍ የሚወዱ አሉ። በእኔ አስተያየት ይህ አይበጅም። ወረቀቱ ጠባብ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ይለወጣል። ትክክል የተባለው ልኬት በኋላ ስሕተት ሆኖ ይገኛል፣ ጥቅሉ ይገለበጣል፣ ቦታውም ይቀየራል። ስለዚህ ስሙ አጭርና የማይለወጥ ይሁን፤ ትርጕሙ በመዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡም ከአንድ በላይ ግልባጭ ይኑረው።

ዛሬም በቴፕ መጠቀም አልቀረም። በስዊስና በፈረንሳይ ድንበር ያለው ሴርን በ2017 ዓ.ም. በቴፕ ያኖረው 200 ፔታባይት፣ ማለት ሁለት መቶ ሚሊዮን ጊጋባይት፣ ደርሶ ነበር። አሁን መለያውን የሚያነበው ሰው ሳይሆን ሮቦት ነው፤ በቀጫጭን ጥቍር መስመሮች የሚታተመው ስም ብዙ ጊዜ ስድስት ምልክት ሆኖ የቴፑን ዓይነት የሚነግሩ ሁለት ምልክቶች ይከተሉታል። በአሮጌው ላይ አዲስ መለያ ደርቦ መለጠፍ ግን ክልክል ነው፤ ወፍሮ ሮቦቱን ያሰናክለዋልና።

ወደ ጄድ እንመለስ። በ1990ዎቹ ዓመታት ሲግፍሪድ ቤትኬና ባልደረቦቹ የጄድን መዝገብ እንደ ገና ለመመርመር ተነሡ። ኋላ የተሠሩት መሣሪያዎች ኃይላቸው የበረታ ስለሆነ፣ ኤሌክትሮንንና ፖዚትሮንን በፔትራ የኃይል ደረጃ የሚያጋጭ ሌላ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ሊቃውንቱ ሊያዩ የፈለጉት ኳርኮችን የሚያስተሳስረው ኃይል ግጭቱ በበረታ መጠን እየላላ መሄዱን ነው፤ ግሮስ፣ ፖሊትዘርና ዊልቼክ በ1973 ይህን በስሌት አሳይተው በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ለዚህም የታችኛው ደረጃ ልኬት የግድ ያስፈልግ ነበር። ፕሮግራሞቹ የተጻፉት ሼልትራንና ሞርትራን በተባሉ፣ ከአገልግሎት በወጡ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ነበር። ከዚህም የባሰው የግጭቱን ብዛት የሚለካው ቍጥር ከኮምፒዩተር ጠፍቶ መገኘቱ ነው፤ ያለዚህ ቍጥር በቴፕ የተመዘገበው ከስንት ግጭት እንደ ተገኘ ማስላት አይቻልም። የተረፈው በወረቀት የታተመው ግልባጭ ብቻ ነበር። ገጽ በገጽ፣ መስመር በመስመር፣ በእጅ እንደ ገና ተጻፈ፤ ከ14 እስከ 44 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው የዚያ ኃይል ልኬትም በአዲስ ዘዴ ተሰልቶ ታተመ።