ማይክሮስኮፑ ወደ ሕሙማኑ ይምጣ

«ለእኛ ተራው ማይክሮስኮፕ ይበቃናል፤ የሴልን ጉዞ በሌዘር እየተከታተሉ መቅረጽ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል አስተሳሰብ በጤና ምርምራችን ውስጥ እንደ ብልህነት ይቆጠራል። ዕዳውን ግን የላስታና የዋድላ ደገኛ በፊቱ ላይ ተሸክሞታል፦ ቁንጭር።

በደጋችን ቁንጭርን በዋናነት የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ኤትዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። የአሸዋ ዝንብ ገደል ውስጥ ከሚኖረው ሽኮኮ ወስዳ ለሰው ታስተላልፈዋለች። በአንዱ ጉንጭ ላይ ቆስሎ በጊዜ ብዛት ይድናል፤ የሌላውን አፍንጫና ከንፈር ይወርሳል፤ በጥቂቶች ላይ ደግሞ መላ ቆዳን ያዳርሳል። ልዩነቱን ለመረዳት ተሕዋሱን ውጠው የሚንቀሳቀሱትን የሕመምተኛውን ነጭ የደም ሴሎች መከታተል ግድ ነው።

ከዋድላዋ ኮን ተነስቶ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የደረሰ ሰው ከቁስሉ ናሙና ይወሰድለታል፤ በጊምሳ ቀለም ተነክሮ ይታያል። በሽታውን ለመለየት ጥሩ ዘዴ ነው። በመስተዋት ስላይዱ ላይ ያለው ሴል ግን ሞቷል። በእሱ የሴሎችን ጉዞ ለማወቅ መሞከር፣ ገበያ በተበተነ ማግስት ባዶውን ሜዳ አይቶ ማን ከማን እንደተገበያየ ለመናገር እንደመሞከር ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ የሕያው ምስልን ጥቅም አሳይቷል። በሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ የአይጥ ጆሮ ቆዳ ውስጥ ሲመለከቱ፣ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ዝንቧ ወደነከሰችበት ቦታ ተሽቀዳድመው ተሕዋሱን ሲውጡ አዩ። ሴሎቹ አስቀድመው እንዲመናመኑ ሲደረግ ግን አይጧ በመጎዳት ፈንታ ተሕዋሱ ራሱ መደላደል አቃተው። ለእርዳታ የሮጡት ለጠላት መጠለያ ሆነው ተገኙ። ሆኖም ጥናቱ የተሠራው በሌላ ዝርያ፣ በሌይሽማኒያ ሜጀር ነው፤ ያውም በአይጥ። የእኛ ተሕዋስ በእኛ ሰው ውስጥ እንዲሁ ያደርጋል ብሎ መፍረድ ግምት ነው።

«እንግዲያስ ናሙናውን ውጭ እንላከው» ይባላል። ኒውትሮፊል ከተቀዳ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መጠናት አለበት፤ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ደኅና አይወጣም። ዲኤንኤ ይላካል፤ ሩጫ አይላክም።

መሣሪያው ውድ መሆኑ፣ መብራት መቆራረጡ፣ የጥገና ባለሙያ ማነሱ እውነት ነው። ይህ ግን በየሆስፒታሉ አንድ አንድ አትግዙ ያሰኛል እንጂ ጥያቄውን ተዉት አያሰኝም። ለመነሻ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ፣ ካሜራና ሴሎቹን በሰውነት ሙቀት የሚያቆይ ክፍል ይበቃል። ከሕመምተኛው ደም የተለዩ ሴሎች ተሕዋሱን ሲያሳድዱ በየጥቂት ሰከንዱ ምስል ይነሣል። «መጀመሪያ መድኃኒት» ለሚሉም፣ ዛሬ የምንወጋው የአንቲሞኒ መድኃኒት ዓይነት ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ የሚያምና ጎጂ ጎን ያለው ነው። የተሻለ የሚገኘው በሽታው ሲታወቅ ነው።

አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የተተከለው የሥጋ ደዌ ሕሙማን እዚያ ስለነበሩ ነው። ያኔ ለሥጋ ደዌ የሠራው ሐሳብ ዛሬ ለቁንጭር የማይሠራበት ምክንያት የለም፤ በጀት የሚያጸድቁ ሰዎችም «ቅንጦት» ከማለታቸው በፊት ይህን ያስረዱን።