ለፊልም ማስረጃ፣ ለነፍስ አሉባልታ



«ኮሮና አልፏል፤ አሁን ምን አስነሳችሁት?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። በሽታው በረደ እንጂ በዚያን ጊዜ የያዝነው አመል አልለቀቀንም። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ሲነገር፣ ያ የምናውቀው ዓይነት መልእክት ወደ ስልካችን ተመልሶ መጣ፤ ላኪው የማይታወቅ፣ «ለምትወዷቸው ሁሉ አድርሱ» የሚል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልንም።

ነገሩን ከጨዋታ እንጀምር።

ብዙዎቻችን የፊልም ጥያቄና መልስ የሚደረግበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለን፤ ወይም ነበርን። ፊልም ስለማየት የሸሪዓ ብይን እየሰጠን አይደለም፤ እሱን ለዑለሞቻችን እንተወዋለን። የምናወራው በመካከላችን ስላለው ነገር ነው። የግሩፑ ሰዎች አብዛኞቹ በአካል ተያይተው አያውቁም። አንዱ ደሴ ነው፣ አንዱ ጅማ፣ አንዷ ሪያድ፣ ሌላው ሚኒሶታ። ከዒሻ በኋላ አንዱ ከፊልም የተቆረጠ ፎቶ ይለጥፋል። ሌሎቹ የፊልሙን ስም፣ የወጣበትን ዓመት፣ ዳይሬክተሩን ይገምታሉ። ቀድሞ በትክክል የመለሰ ነጥብ ያገኛል።

በዚህ ጨዋታ ማንም በባዶ አፉ አይታመንም። አንዱ «ኮንቴጅን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው» ቢል ወዲያው «የለም፣ በ2011 ነው» ይባላል፤ ማስረጃው ይለጠፋል። የተሳሳተው «ዐፍወን፣ ተሳሳትኩ» ብሎ ነጥቡን ይመልሳል። አድሚኑም ቢሆን ያለ ማስረጃ አይፈርድም። ያልተረጋገጠለት ሰው «እርግጠኛ አይደለሁም ግን…» ብሎ ይጀምራል። ለአንድ ተራ ጨዋታ ይህን ያህል ጥንቃቄ እናደርግ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ግሩፕ ውስጥ ስሙን ያልተናገረ የአንድ «ዶክተር» የድምፅ መልእክት ገባ። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፤ «ይህን የወሰደ አይያዝም» ይላል። ዶክተሩ ማን ነው? የት ነው የሚሠራው? መቼ ነው የተቀዳው? የጠየቀ የለም። የፊልም ዓመት ሲሳሳት የሚዘምተው ሰው ሁሉ ለእናቱ፣ ለአክስቱ፣ ለጎረቤቱ አስተላለፈው። ገበያ ላይ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ነካ። «ሙቀት ይገድለዋል»፣ «ጥቁር ሰው አይዘውም» የሚለውም ተከተለ።

ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ለአንድ ፊልም ዓመት ማስረጃ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ለእናታችን ነፍስ ማስረጃ ያልጠየቅነው ለምንድን ነው?

ፊልሙን ሸመደድን፣ ትምህርቱን ግን አልያዝንም

ያው «ኮንቴጅን» ያልነው የስቲቨን ሶደርበርግ ፊልም የሚያወራው ስለ ወረርሽኝ ነው። ጁድ ሎው የሚጫወተው ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚጽፍ፣ ብዙ ተከታይ ያለው ነው። «እውነቱን ደብቀዋችኋል፤ እኔ ታምሜ ፎርሲቲያ በሚባል ተክል ድኛለሁ» እያለ ይሰብካል። ሕዝቡ ያንን ፍለጋ መድኃኒት ቤት ያጥለቀልቃል። በኋላ ሲጣራ ሰውየው መጀመሪያውኑ አልታመመም፤ ገንዘብ ግን ሰብስቧል። ይህን ፊልም ከአንድ ፎቶ ለይተን የምናውቅ ሰዎች፣ ያው ሰው በእውነተኛው ሕይወት በድምፅ መልእክት ሲመጣ አላወቅነውም።

ሌላ እንጨምር። «ክትባቱ ልክ አይ አም ሌጀንድ ላይ እንዳለው ሰውን አውሬ ያደርጋል» የሚል ምስል ከአገር አገር ዞሯል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዊል ስሚዝ ሥራ ነው። ያየው ሰው እንደሚያውቀው፣ በታሪኩ ውስጥ ጥፋቱን ያመጣው ክትባት ሳይሆን ካንሰርን እንዲያድን ተብሎ የተለወጠ የኩፍኝ ቫይረስ ነው። ሲጀመር ደግሞ ፊልም ነው! እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ከፊልሙ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው አኪቫ ጎልድስማን፣ ታሪኩ ከራሱ የፈጠረው እንጂ እውነት አለመሆኑን በአደባባይ እስከ መጻፍ ደርሷል። «ዘ ሲምፕሰንስ ኮሮናን ቀድሞ ተናግሯል» የተባለውስ? እ.ኤ.አ. በ1993 የታየው ክፍል ስለ «ኦሳካ ጉንፋን» ነው የሚያወራው። «ኮሮና ቫይረስ» የሚለው ጽሑፍ በኋላ ምስሉ ላይ የተለጠፈ ነው። በጥያቄና መልሱ ሰዓት መጥቶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይጋለጥ ነበር። በ«ጤና መረጃ» ስም ስለመጣ ግን አለፈ።

«ኮሮና የ5ጂ ጨረር ነው» ተብሎም ተላከ። እንግሊዝ አገር ይህን ያመኑ ሰዎች የስልክ ምሰሶ አቃጥለዋል። እኛም ያለ ሐፍረት ተቀባበልነው። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን አዲስ አበባ ላይ ለሙከራ የጀመረው በግንቦት 2014 ነው፤ ታማሚው ከተገኘ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ! ይህን ለማጣራት ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ የራስን ስልክ ማየት ይበቃል።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ካለ ኢራንን ይመልከት። አልኮል ኮሮናን ይገድላል የሚለውን ወሬ ሰምተው መርዛማ ሜታኖል የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። እነዚህን ሰዎች የገደላቸው ቫይረስ አልነበረም።

እኛ እኮ የኢስናድ ልጆች ነን

ይህ አመል ከማንም በላይ በእኛ በሙስሊሞች ላይ ያስነውራል። ዲናችን የተጠበቀው «ከማን ሰማኸው?» በሚል ጥያቄ ነው። ሙሐዲሶች አንድን ሐዲስ ከመቀበላቸው በፊት ሰንሰለቱን ሰው በሰው ይመረምሩ ነበር። ይህ አስተላላፊ እውነተኛ ነው ወይ? ማስታወሱ እንዴት ነው? «ሰማሁት» ያለውን ሰው በእርግጥ አግኝቶታል ወይ? አንዷ ቀለበት ስትጎድል ሰንሰለቱ ይደክማል። የሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽም ወሬ ሲመጣልን ሳናውቅ ሰዎችን እንዳንጎዳ እንድናረጋግጥ ያዝዘናል። ዛሬ ግን «እንደደረሰኝ» ብለን እንልካለን። «እንደደረሰኝ» ማለት ምን ማለት ነው? ኢስናድ የለውም ማለት ነው!

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፣ አንሷሮችን አማከሩ፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ፤ ከዚያ ለመመለስ ወሰኑ። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ወረርሽኝ ካለበት አገር እንዳይገባ፣ ያለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ሲነግሯቸው አላህን አመሰገኑ። ያ ታላቅ መሪ ሦስት ጊዜ ጠይቀው ነው የወሰኑት። እኛ አንድ ጊዜ እንኳ ሳንጠይቅ ለሁለት መቶ ሰው እንልካለን።

አንዳንዱ ደግሞ ወሬውን ዲን አልብሶ ያመጣዋል። ስለ ጥቁር አዝሙድ የመጣውን ሐዲስ እናምናለን። ነገር ግን ያንን ያስተማሩን ነብይ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምንም አዘዋል። ጥቁር አዝሙድ ወስዶ ሐኪም ቤት መሄድን ማን ከለከለ? «ክትባት የሙስሊሙን ዘር ለማጥፋት ነው» ለሚሉትም አንድ ጥያቄ አለን፦ ወላጆቻችን ለሐጅ ሲሄዱ የማጅራት ገትር ክትባት ስንት ዓመት ሲወስዱ ኖረዋል? እ.ኤ.አ. በ2021 የሐጅ ሥርዓት የተከናወነው በሳዑዲ በሚኖሩ 60,000 የተከተቡ ሰዎች ብቻ ነው። «የአሳማ ተዋፅኦ አለበት» ለተባለው የአስትራዜኔካ ክትባት አምራቹ የእንስሳት ተዋፅኦ እንደሌለበት አስታውቋል። የኢንዶኔዥያ የዑለማ ምክር ቤት በአመራረቱ ላይ ጥያቄ አንስቶ እንኳ፣ በዚያ ችግር ጊዜ መውሰዱ እንደሚቻል ነው የወሰነው። ዑለማ የሚጠይቀው እንዲህ ነው፤ መርምሮ፣ ተወያይቶ፣ ስሙን አስፍሮ። ስም የለሽ የድምፅ መልእክት ፈትዋ አይሆንም።

«ሳይንቲስቶቹስ ተምታቶባቸው አልነበረም?»

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አንሸሸውም። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ሰው ሁሉ ማስክ እንዲያደርግ አልመከረም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ምክሩን ቀየረ። አስትራዜኔካ ከስንት አንድ ሰው ላይ የደም መርጋት ሊያመጣ እንደሚችልም የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ተናግሯል። «ምንም፣ ቅንጣት ታህል ጉዳት የለውም» እያልን በየግሩፑ የተከራከርን ሰዎች ያን ጊዜ ተሳስተን ነበር። ማመን አለብን።

ነገር ግን ልዩነቱን አስተውሉ። እነሱ ሲሳሳቱ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ምክንያቱን ጠቅሰው አረሙ። በፊልም ጨዋታው «ዐፍወን፣ ተሳሳትኩ» ብሎ ነጥብ እንደሚመልሰው ሰው ማለት ነው። የፌጦውን «ዶክተር» መልእክት ያሠራጨ፣ የ5ጂውን ምስል የላከ፣ «ጥቁር ሰው አይዘውም» ያለ፣ ከመካከላችን ተመልሶ «ያ የላክሁት ውሸት ነበር» ያለ ስንት ሰው አለ? እኛ የምናስታውሰው አንድም የለም። የሚያርም ሰው ቢሳሳትም ይታመናል። የማያርም ሰው አንዳንዴ ልክ ቢሆን እንኳ አይታመንም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ

እስካሁን ወሬ የሚያሠራጨውን ነው የወቀስነው። ፍትሕ ይሁን ከተባለ ግን «እውነቱን ይዘናል» ስንል የነበርነውም ተጠያቂዎች ነን።

በግሩፓችን ውስጥ በዐረብ አገር የሚሠራ አንድ ወንድም ነበር። በጥያቄና መልሱ የሚስተካከለው አልነበረም። በ2013 አንድ ቀን «ኦክስጅን የሚሰጣቸው ሰዎች ናቸው የሚሞቱት፤ በቤት ውስጥ በእንፋሎት ታጠኑ» የሚል መልእክት ላከ። ተረባረብንበት። ማስረጃ አቀረብን፤ ማስረጃችንም ትክክል ነበር። ግን እዚያ ላይ አላበቃንም። አንዱ የሳቅ ስቲከር ለጠፈ፤ ሌላው «1 ለ 0» ብሎ ጻፈ። መልእክቱን በስክሪንሹት አንስቶ ሌላ ግሩፕ ላይ ያስሳቀበትም ነበር። ወንድማችን አንድም ቃል ሳይመልስ ከግሩፑ ወጣ።

ከሳምንታት በኋላ በሌላ ሰው በኩል ሰማን። ያን ቀን እናቱ አገር ቤት ታመው ነበር። እሱ ሊመጣ አልቻለም። «ሆስፒታል ይሂዱ ወይስ እቤት ይቆዩ?» ብለው ዘመድ ሲደውሉለት በእጁ የነበረው ያ መልእክት ብቻ ነው። ወደ እኛ የላከው ሊከራከር አልነበረም፤ ሊጠይቅ ነበር። እናቱ ሆስፒታል የገቡት በጣም ዘግይተው ነው። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ቀድመው ቢሄዱ ይተርፉ ነበር ብለን አንናገርም። ነገር ግን ከሁላችን አንድ ሰው «ወንድሜ፣ ማን ታሞብህ ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። ክርክሩን አሸነፍን፤ ወንድማችንን አጣን።

በፊልም ጨዋታ ተቃራኒህን ብታሸንፍ የሚጎዳ የለም። በነፍስ ጉዳይ ላይ ግን ተሸናፊው ከነቤተሰቡ ነው የሚሸነፈው። በዚያ ጊዜ ሁለት ጥፋት አጥፍተናል። አንዳችን የጨዋታውን ጥሩ ነገር፣ ማስረጃ መጠየቁን፣ ትተን ወሬ አሠራጨን። ሌላችን የጨዋታውን መጥፎ ነገር፣ ነጥብ ማስቆጠሩን፣ ወደ ሰው ሕመም አመጣነው። የተሳለቁበት ሰው ደግሞ ከወሬው አይመለስም፤ የማይስቅበት ሌላ ግሩፕ ፈልጎ ይገባል። እዚያም የሚያርመው አያገኝም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የጤና መልእክት ሲደርሰን የፊልም ጥያቄ መልስ ነው ብለን እናስብ። ማን አለው? መቼ አለው? የት ይገኛል? ለሦስቱ መልስ ከሌለን አንላክ። ባለመላካችን የሚጎዳ ሰው የለም።

2. ውሸት ልከን ከነበረ በላክንበት ቦታ፣ ለላክንላቸው ሰዎች እናርም። መልእክቱን ዝም ብሎ ማጥፋት ማረም አይደለም። «ያ የላክሁት ትክክል አልነበረም» ማለት ሐቅን የመመለስ ያህል ነው።

3. የተሳሳተውን ወንድም ወይም እህት በውስጥ መስመር እናናግር። ከማስረጃው በፊት «ደህና ናችሁ? ቤተሰብ ሰላም ነው?» እንበል። ከዚያ በለዘበ ቃል እናስረዳ። የአደባባይ ምላሽ የግድ ካስፈለገ ለመልእክቱ እንጂ ለሰውየው አይሁን።

ነገ ሌላ ወረርሽኝ ይመጣ ይሆናል፤ የሚያውቀው አላህ ነው። ኩፍኙም ኮሌራውም ዛሬም ከመንደሮቻችን አልጠፋም። ልጇን ታስከትብ አታስከትብ ብላ የምታመነታ እናት አሁን በዚህች ሰዓት ስልኳን ከፍታ የእኛን መልእክት እየጠበቀች ሊሆን ይችላል። የምንልክላት ነገር ኢስናድ ያለው ይሁን።

ያ ወንድማችን ይህን ጽሑፍ ካነበበ፦ ዐፍወን፣ ተሳስተናል። እናትህን አላህ ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቃቸው።

አላህ ሐቁን አሳይቶ የምንከተለው፣ ውሸቱን አሳይቶ የምንርቀው ያድርገን። ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።