ሕፃኑን ከነእናቱ ተቀበሉት!

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ በጭብጨባ አለፈ፤ ይኸውም ለገና በዓል ልብስና ወተት ሰብስበን ለአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ እንድንሰጥ ነው። እጃቸውን ካላነሡት ጥቂቶች አንዱ እኔ ነበርሁ። ስንወጣ ጓደኞቼ «አንተ ለሕፃን ወተት ትነፍጋለህ?» ብለው ስለ ተቆጡኝ፣ ያን ዕለት በአምስት ደቂቃ ተናግሬ ያልጨረስሁትን እዚህ እጽፋለሁ።

ወተቱን አልነፍግም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመሆኑ የሕፃኑ እናት የት ናት?

ብዙዎቻችን ማሳደጊያ የገባ ሕፃን ሁሉ እናትና አባቱ የሞቱበት ይመስለናል። ነገር ግን ከእነዚህ ሕፃናት መካከል እናታቸው በሕይወት ያለች ብዙ ናቸው። ሁላችንም የምናውቃትን ሴት ላንሣ። ገና በልጅነቷ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ትቀጠራለች። ታረግዛለች፤ አንዳንድ ጊዜም ያስረገዛት የዚያው ቤት ሰው ነው። ሆዷ እስኪገፋ ትደብቃለች፤ ሲታወቅባት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ትወጣለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ሲፈቅድ፣ የቤት ሠራተኛዋን ግን ከአዋጁ ውጭ ትቷታል። ወደ ወላጆቿ እንዳትመለስ ሐሜቱን ትፈራለች። ስለዚህ ወይ ልጇን አዝላ ጎዳና ትወጣለች፣ ወይ ልጇን ትታ ሌላ ቤት ትቀጠራለች። እኛም «ልጇን ጣለች» እንላለን።

አሁን ደግሞ የራሳችንን እኅት እንመልከት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል እናቷ ቤት ትገባለች። ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይፈላል፤ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይመጣል። በክርስቲያኑም ሆነ በእስላሙ ቤት አራስ ለብቻዋ አትተውም። ሕፃን ማጠብና ማጥባት፣ ሲያለቅስ የራበውን ካመመው መለየት፣ ማንም ሲወለድ ይዞት የሚመጣ ዕውቀት አይደለም፤ ከእናትና ከአክስት ይለመዳል። እንግዲህ የምትገባበት የእናት ቤት የሌላት አራስ ምን ታድርግ? የሌላ ሰው እናት ትቀበላት! ሐሳቤ ይኸው ነው።

ይህ ሕልም አይደለም። በእንግሊዝ አገር አንዲት ደካማ ወይም ገና ልጅ የሆነች እናት ከነሕፃኗ ሥልጠና በተሰጠው ቤተሰብ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ለ12 ሳምንት ያህል ትቀመጣለች፤ ቤተሰቡም አበል ይከፈለዋል። ጉድለቱን ግን አልሸሽግም። በዚያ አገር አስተናጋጇ የእናቲቱን ውሎ በየቀኑ ትመዘግባለች፤ ሕፃኑ ይወሰድ አይወሰድ ሲባል ያ ጽሑፍ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ስለዚህ እናቲቱ እንደ ተፈታኝ ስትንቀጠቀጥ ትከርማለች። ሕፃን ሲበደል አይተን ዝም እንበል አልልም፤ ሳያስተምሩ መፈተን ግን ግፍ ነው። ጣሪያውን እንቅዳ፣ መዝገቡን እንተው።

በእኛም አገር ቢሆን መነሻ አልጠፋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ሕፃናትን በአደራ ተቀብሎ ስለሚያሳድግ ቤተሰብ ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 የተቀበለው መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት ሊሆን አይገባም ሲል ያዛል። በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ሲቀር ብዙ ሰው ደስ አለው። ልጆቻችን የሚወጡበትን በር ዘጋን፤ ከእናታቸው ጋር የሚገቡበትን በር ግን አልከፈትንም።

«ይህ ብልግናን ማበረታታት ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ስለ አባትየው አንድ ቀን ጠይቀው ያውቃሉን? «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚሉም አሉ። ማሳደጊያም ቢሆን ሕንፃ፣ ዘበኛ፣ ሞግዚትና የዱቄት ወተት ይፈልጋል፤ እናት አጠገቡ ላለች ሕፃን ግን ወተቱ አብሮት ይመጣል። ከሁሉም የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ «ተቀባዩ ቤተሰብ ያለ ደመወዝ ገረድ ያደርጋታል» የሚለው። እውነት ነው፤ ሊያደርጋት ይችላል። ስለዚህ የተጻፈ ውል ይኑር፤ በወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይታወቅ፤ የውጭ ሰው እየሄደ እሷን ለብቻዋ ያነጋግራት፤ ለሌላው ቤተሰብ ልብስ ስታጥብ ከተገኘች ውሉ ፈረሰ ማለት ነው።

እንግዲህ በሚመጣው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለገና የምንሰበስበው ገንዘብ ለአንዲት እናትና ለአንድ ልጇ የስድስት ወር ቀለብ ይሁን፤ ሐኪሞችም ሕፃን የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ የሚሉት ስድስት ወር ነው። የሕግ ተማሪዎች ውሉን ያርቅቁ። የጤና ተማሪዎች በየሳምንቱ ይጠይቋት። እናንተም መምህሮቻችን፣ ከመካከላችሁ አንድ ትርፍ ክፍል ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ ስለ ኅብረተሰብ ያስተማራችሁንን በቤታችሁ ልታሳዩን ጊዜው አሁን ነው።

አንዲት እናት ምን ታህል ናት የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሃምሳ ሕፃናትን አልብሶ ፎቶግራፍ ከመነሣት፣ አንዱን ሕፃን ከእናቱ እንዳይለይ ማድረግን እመርጣለሁ። የሚቃወመኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ሲጽፍ ግን እናቲቱ የት ትደር የሚለውን ሳይመልስ አይለፍ።