ወርቁ ለማን፥ መርዙስ ለማን?

ወርቅ በግራም እየተመዘነ ሲሸጥ በዋጋው ውስጥ የማይቈጠር አንድ ዕዳ አለ። ይኸውም ወርቁን ከአሸዋው ለመለየት ሲባል ወደ ወንዝና ወደ አየር የሚለቀቀው ባዜቃ፥ በዘመኑ አጠራር ሜርኩሪ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ወርቁን በጣቱ ያጠለቀው አይደለም፤ ከወንዙ ዓሣ አጥምዶ የሚበላው ሰውና ገና ያልተወለደው ልጁ ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወርቅ አጣቢው ባዜቃውን ከአሸዋው ጋር ሲያሸው ባዜቃው የወርቁን ቅንጣት ሰብስቦ ይይዛል። እሳት ላይ ሲጣድ ባዜቃው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። የተነነው ግን አልጠፋም፤ ከፊሉ በምድጃው አጠገብ በቆሙት ሰዎች ሳንባ ይገባል፥ ከፊሉም ከዝናብ ጋር ይወርዳል። ከወንዝ የገባው በጭቃው ውስጥ በባክቴሪያዎች አማካይነት ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል የባሰ መርዝ ይለወጣል። ትንሹን ዓሣ ትልቁ፥ ትልቁን ሰው ሲበላው መርዙ በየደረጃው እየተከማቸ ይሄዳል፤ አንጎልንና ነርቭንም ያጠቃል።

ይህ ማስፈራሪያ ነው የሚል ቢኖር የጃፓንን ሚናማታ ይመልከት። በዚያ ባሕሩን የመረዘው የኬሚካል ፋብሪካ እንጂ ወርቅ አልነበረም፤ መርዙ ግን ያው ነው። በሽታው በ1956 እ.ኤ.አ. ከታወቀ በኋላ፥ ጤነኛ የሚመስሉ እናቶች እንኳ በመርዙ የተጎዱ ልጆች መውለዳቸው ተረጋገጠ። በካሊፎርኒያም በ1848 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የወርቅ ግርግር በሺህ የሚቈጠር ቶን ባዜቃ በየወንዙ ፈሰሰ። ግርግሩ ካበቃ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሕዝቡ ግን ከዚያ ውሃ የወጣውን ዓሣ በልክ እንዲበላ ዛሬም ይመከራል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይባላል፤ ወንዙ ግን ወርቅ አበድሮ የተመለሰለት መርዝ ነው።

በአገራችንም በቤንሻንጉል ጉሙዝ፥ በጋምቤላ፥ በጉጂና በትግራይ ብዙ ወገኖቻችን ወርቅ በማጠብ ይኖራሉ። ገበቴና ውሃ ብቻ የያዘ አጣቢ ወንዙን ቢያደፈርስ እንጂ አይመርዘውም። ባዜቃ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ይከልከል!» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው ዐዋጅ ብቻውን አያስተወውም፤ ባዜቃውን ደብቆ በጎጆው ውስጥ፥ በልጆቹ አጠገብ ያነደዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የጸናው የሚናማታ ስምምነትም አስቀድመው ይወገዱ ካላቸው ሥራዎች መካከል በመኖሪያ ሠፈርና በግልጽ እሳት ማንደድ ይገኛሉ። ሪቶርት በሚባለው ክዳናም የብረት ዕቃ ቢነድ ባዜቃው ተይዞ ደግሞ ይሠራበታል። በፊሊፒንስ ቤንጌት አውራጃም ባዜቃን ትተው በቦራክስ የሚሠሩ አጣቢዎች አሉ። እንግዲህ ድህነት ለመርዙ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ወርቅ የሚገዛ ሁሉ፥ ባንክም ሆነ ነጋዴ፥ የወርቁን ጥራት እንደሚመረምር አወጣጡንም ይመርምር፤ ሪቶርቱንና ትምህርቱንም እዚያው መግዣው ቦታ ያቅርብ። ትርፉን የተካፈለ ዕዳውንም ይካፈል!

እኛስ? የኬሚስትሪ መምህራንና ተማሪዎች የወንዙን ጭቃና ዓሣ ይመርምሩ። የሕክምና ተማሪዎች የአጣቢዎቹን ጤና ይጠይቁ። ከወርቅ አገር የመጣው ጓዳችንም በዕረፍቱ ወራት ሲመለስ ያወቀውን ለወገኖቹ በቋንቋቸው ያስረዳ። በቤተ ሙከራ ተቈልፎ የሚቀር ዕውቀት ለወንዙም ለሕዝቡም አይደርስም።