ብድር ያፈራው ሳሎን

እኔ ከቡፌ ጋር ጠብ አለኝ። ከሚበላው ቡፌ አይደለም፤ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ሞልቶ ከተገተረው፣ ከባለ መስታወቱ ጋር ነው። ውስጡ ስድስት ስድስት ሆኖ የተደረደረ ብርጭቆ አለ፤ ማንም አይጠጣበትም። ሲኒ አለ፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ ከሥሩ አልተላጠም። የቤቱ ልጆች ውኃ የሚጠጡት ግን ጠርዙ በተሸረፈ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። እስቲ ልጠይቅ፣ ያ ሁሉ ብርጭቆ የተገዛው ለማን ነው?

«ለእንግዳ ነዋ!» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እንግዳው በዓመት ስንቴ ይመጣል? አራቴ ይምጣ እንበል። ለአራት ቀን እንግዳ ብለን 361 ቀን በገዛ ቤታችን እንደ ደባል እንኖራለን። እናት ኩሽና ዱካ ላይ ትውላለች። ልጅ የቤት ሥራውን አልጋ ላይ በደረቱ ተኝቶ ይሠራል። ሳሎኑ እንደ ሙዚየም ተከብሮ፣ ሶፋው ዳንቴል ለብሶ ይጠብቃል። ልጅ ጠጋ ሲል «ውረድ! ታቆሽሸዋለህ!» ይባላል። ሶፋ ታፍሮ ልጅ የሚቆጣበት ቤት፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ነገሩን በሂሳብ እንየው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ፣ ስቱዲዮ የሚባለው ቤት ከ20 ካሬ ሜትር በታች ነው። ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30 ቢሆን ነው። እንግዲህ ባለ ሦስት፣ ባለ ሁለትና ሁለት ባለ አንድ ሰው ሶፋ እናስገባ። ርዝመታቸው ሲደመር 5 ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል፤ ወርዳቸው 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 5 ካሬ ሜትር ወለል ሄደ ማለት ነው። የስቱዲዮ ሩብ! ቡፌውና ጠረጴዛው ገና አልገቡም። ዓመታት ቆጥበን፣ ዕጣ ጠብቀን ያገኘነውን ቤት ሩቡን ለሶፋ አከራየነው፤ ያውም በነፃ።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ከእቁብ፣ ከደመወዝ ብድር፣ ከዘመድ። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ዕዳው ይቀራል። ከዚህ የባሰም አለ። ተዋደው፣ ተማምለው፣ «ዕቃው ሳይሟላ እንዴት እንጋባ?» እያሉ ዓመት በዓመት ላይ የሚጨምሩ ወጣቶች ሞልተዋል። ትዳር ሶፋ እየጠበቀ ነው ጎበዝ! ይህን ሸክም የጫነባቸው ድህነት ብቻ አይደለም፤ «ሶፋ እንኳ የላቸውም እኮ» የምትለው የእኛ ምላስ ናት።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለእንግዳ የሚሉት አንድ ቃል ነበራቸው፤ እኛም ዛሬ በአፋችን እንለዋለን፦ «ቤት ያፈራውን ቅመሱ»። ብድር ያፈራውን አላሉም።

ቤት ያፈራው ደግሞ ቤት እንደሚያስጌጥ ማየት የሚፈልግ ሐረር ይሂድ። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጁገል ውስጥ፣ የአደሬዎች ቤት መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ነደባ ይባላል፤ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ምንጣፍና ትራስ ይደረግበታል፤ እንግዳም ቤተሰብም ይቀመጥበታል። ዕቃ ማስቀመጫው ግድግዳው ውስጥ የተቀረጸ ነው። ግድግዳውን የሚያደምቀው በሴቶቹ እጅ የተሰፋው ሰፌድና በየወጉ የተሰቀለው ሳህን ነው። ጌጡ ዕቃ ነው፤ ዕቃውም ጌጥ ነው። ያንን ቤት ደሃ ብሎ የሚወጣ እንግዳ እስካሁን አላየሁም።

የእኛስ? የእናታችንን መሶብ «ፋራ ነው» ብለን ጓዳ ጣልነው፤ ከዚያ ሆቴል ገብተን እንደሱው ያለ መሶብ አጠገብ ፎቶ እንነሣለን። ያረጀውን ወንበር ለቆራሌው በጥቂት ብር ሰጥተን፣ የባሰውን በብዙ ሺህ እንገዛለን። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ግን የተጣለ ነገር ሁሉ እጅ ካገኘ ዳግም ዕቃ እንደሚሆን ታያላችሁ።

ብዙ ነገር አያስፈልግም። ያለቀ ቀሚስ ጥለቱ ገና አያልቅም፤ ተቆርጦ ነጭ አቡጀዲ ጠርዝ ላይ ቢሰፋ ሱቅ የማይሸጠው መጋረጃ ነው። የሳሳ ጋቢ የትራስ ልብስ ይሆናል፤ ጆንያ ጭድ ወይም ጨርቅ ቢጠቀጠቅበት መቀመጫ ነው። የዘይት ጀሪካን አንገቱ ተቆርጦ ጤና አዳምና በሶብላ ሲተከልበት፣ በረንዳውም ያምራል፣ ቡናውም ወጡም ይጣፍጣል። ከፕላስቲክ አበባ ምን ይቀመሳል? አቧራ!

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን ስጽፍ «አየሽ፣ ባለሙያ ሁኚ!» ብሎ ጋዜጣውን ለሚስቱ የሚያቀብል ባል እንዳለ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ስትለፋ የዋለች ሴት ሌሊቱን መርፌ ይዛ ታንጋ ማለት ቁጠባ አይደለም፤ ወጪውን ከኪስ አውጥቶ በእሷ ዓይንና ወገብ ላይ መጫን ነው። መዶሻና መጋዝ፣ ኖራና ቡሩሽ የማንንም እጅ አይነክሱም። ወንዱም ይነሣ፤ መደርደሪያ ይምታ፣ ግድግዳ ይቀባ። ሙያ የሴት ብቻ ነው ያለው ማነው?

ሶፋ መግዛት ኃጢአት ነው አላልኩም። ያለው ይግዛ፤ ግን ይቀመጥበት። ልጁም ይቀመጥበት፣ ያቆሽሸው፣ ይታጠብ! የሌለው ደግሞ መደብ ሠርቶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ቀና ብሎ እንግዳውን ይቀበል። ሶፋ ስለሌለን የሚንቀን ሰው፣ ሶፋ ብንገዛም «ቡፌስ የት አለ?» ማለቱ አይቀርም። እሱን ለማስደሰት እየተበደሩ መኖር መጨረሻ የለውም።