ሳይነገር ስለቀረው ኑዛዜ ለክርስቲያን አባወራዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ አባወራዎች፣



«ኑዛዜ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገሮችን ይሸከማል፤ አንደኛው ምእመን በንስሐ አባቱ ፊት ኃጢአቱን ተናግሮ ቀኖና፣ ማለትም የጾም፣ የጸሎት፣ የስግደት ወይም የምጽዋት ግዴታ፣ የሚቀበልበት ሥርዓት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰው ከሞተ በኋላ ንብረቱ ለማን እንዲተላለፍ እንደሚፈልግ የሚያሳውቅበት ቃል ነው። የሁለቱም ምንጭ የሆነው የግእዙ ግሥ «ናዘዘ» አጽናና ማለት ስለሆነ፣ አባት ለልጆቹ የሚተወው ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጽናና ቃል መሆን ነበረበት።

ሁለተኛውን ኑዛዜ አባወራዎች በሚገባ ያውቁታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ስለሚያዝ፣ ቤትና መሬት ያለው ሰው ሽማግሌ ይጠራል፣ ጸሐፊ ያስቀምጣል፣ እያንዳንዱን ቃል ያስፈርማል። ይህ ጥንቃቄ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለግድግዳና ለቆርቆሮ ይህን ያህል የተጠነቀቀ አባት፣ ስለ ሃይማኖቱ ለልጆቹ የተናገረው ቃል የት አለ? ማን ሰማው? ልጆቹ አባታቸውን በቤቱ ውስጥ ቆሞ ሲጸልይ መቼ አዩት?

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈው በቅርቡ በአንድ አባት የአርባ ቀን ተዝካር ላይ የሆነው ነው። ሟቹ ከጽዋ ማኅበሩ የማይጠፋ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ እጁን የማያጥፍ ሰው ነበር። ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐት አድርሰው ገና ከድንኳኑ ሳይወጡ ልጆቹ ስለ ቤቱ ተጣሉ፤ ወንድም የወንድሙን ልብስ ያዘ። «አባታችሁ ምን ይላችሁ ነበር?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቅ፣ ታላቁ ልጅ «ስለ ቤቱ ካልሆነ ስለ ሌላ ነገር አነጋግሮን አያውቅም» ሲል መለሰ። በድንኳኑ ውስጥ የነበረ አባት ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንገት የደፉት ስለ ሟቹ ብቻ ነበርን?

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ሕፃኑ መናገር ስለማይችል ሰይጣንን የሚክድለትና ሃይማኖቱን የሚመሰክርለት ክርስትና የሚያነሣው ሰው ነው። በአንገቱ የሚታሰረው ማተብም የዚያ ቃል ምልክት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስንቱ አባት ስለ ማተቡ ትርጉም አንድ ቀን ተናግሯል? «እናታቸው አለች፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም አለ» የሚለው መልስ የታወቀ ነው። እርግጥ ሐዋርያው ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ የሚጠራው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው፤ አባቱ ግሪካዊ እንደነበረ ብቻ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። ስለ ልጆች አስተዳደግ መጽሐፍ የጻፈውን ዮሐንስ አፈወርቅንም ያሳደገችው እናቱ አንቱሳ ናት፤ እርሱ ግን አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ ነው። የዛሬዎቹ ልጆች አባቶች በሕይወት አሉ፤ እናምናለን ይላሉ፤ ማታም ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጣሉ። ታዲያ እናቲቱ ስለ ምን እንደ መበለት ብቻዋን ትጸልያለች?

ካህኑ ዔሊ በእስራኤል ላይ 40 ዓመት ፈርዶ፣ በእግዚአብሔር ቤት አርጅቶ፣ በልጆቹ ምክንያት የተፈረደበት ክፋታቸውን እያወቀ ከለስላሳ ተግሣጽ በቀር ስላላገዳቸው ነው። የሬካብ ልጅ ኢዮናዳብ ደግሞ በንጉሡ በኢዩ ዘመን የኖረ ሰው ሲሆን፣ ልጆቹ ወይን እንዳይጠጡ ብቻ ሳይሆን ቤት እንዳይሠሩ፣ ዘር እንዳይዘሩ፣ የወይን ቦታም እንዳይኖራቸው አዘዘ፤ ይህም ማለት ልጆች የሚካፈሉት ርስት አልተወም ማለት ነው። ከ200 ዓመት በላይ አልፎ፣ በንጉሡ በኢዮአቄም ዘመን፣ ነቢዩ ኤርምያስ የወይን ጽዋ በሬካባውያን ፊት ሲያቀርብ አባታችን ከልክሎናል ብለው እንቢ አሉ። ምስክር የፈረመበት ወረቀት አልነበራቸውም፤ አባታቸው ያዘዘውን ግን ከልጅ ልጅ እየተቀባበሉ ኖረውበታል። በድንኳኑ የተጣሉት ልጆች በአራት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ነበራቸው፤ አርባ ቀን እንኳ አላስታረቃቸውም።

ክቡራን ሆይ፣ ቀድሞ ዳዊት በሚደገምበት ቤት ልጅ ትርጉሙን ከማወቁ በፊት የአባቱን ድምፅ ያውቅ ነበር። ዛሬ የብዙ ልጆች ጆሮ የሚያውቀው የአባት ድምፅ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የመሬት ዋጋ ሲያወራ ነው። ይህ ያሳዝናል፤ ያስቆጣልም፤ ምክንያቱም የጠፋው ነገር ከድኻም ከሀብታምም ገንዘብ የማይጠይቅ ነበር። ንስሐ አባታችሁን ልጆቻችሁ ያውቋቸዋልን? ስትጾሙ ለምን እንደምትጾሙ ነግራችኋቸዋልን? ከበደላችሁ በኋላ ይቅር በሉኝ ስትሉ ሰምተዋችሁ ያውቃሉን?

ልጆቻችሁ ገና በቤታችሁ፣ ድምፃችሁም ገና በጆሯቸው ሳለ፣ ያልተናገራችሁትን ኑዛዜ ተናገሩላቸው።